«ስኳር የለውም» ማለት አማና ነው



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የጀመዓችን ገበታ ጣፋጭ ነው። በኢፍጣር ቴምርና ሻይ፣ በዒድ ኬክና ለስላሳ፣ በአዲስ ተማሪዎች አቀባበልም ሆነ በምርቃት ብስኩትና ከረሜላ አይጠፋም። በዚያው ገበታ ዙሪያ ግን የስኳር ሕመም ያለባቸው ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ኬኩ ሲዞር «ጠግቤያለሁ» ብለው ያሳልፉታል፤ እኛም ደግመን አንጠይቅም።

ይህን ያስተዋሉ አንዳንድ እህቶችና ወንድሞች «ስኳር የሌለው» ብራውኒ እቤት ጋግረው ማምጣት ጀምረዋል። ብራውኒ በካካዎ የሚሠራ፣ ወፈር ያለና እርጥብ፣ በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ የሚበላ ኬክ ነው። ሐሳቡ መልካም ነውና ጀዛኩሙሏሁ ኸይር እንላለን። በዚህ ጽሑፍ የምንለው ግን አንድ ነገር ነው፦ «ስኳር የለውም» የሚለው ቃል አማና ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያን ቃል አምኖ የመርፌውን መጠን ይወስናል። ስለዚህ ኬኩን ስናቀርብ ቃላችንን በቁጥር እንደግፈው።

በመጀመሪያ «የስኳር በሽታ የሀብታም በሽታ ነው» የሚለውን አባባል እንተወው። እኛ ከዋግ ኽምራ፣ ከደሃና ወረዳ ከአምደወርቅ የመጣን ተማሪዎች ነን። አካባቢያችን ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ድርቅንና የ1977ቱን ረሃብ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ በ2015 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታዲያ ረሃብ ባለበት አገር የስኳር ሕመም ምን ይሠራል?

መልሱ ከጎረቤታችን ከጎንደር ይገኛል። በዚያ የሚሠሩ ሐኪሞች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ታማሚዎች ብዙዎቹ ቀጫጭንና ድሆች፣ ኑሯቸውም በእርሻ ላይ የተመሠረተ መሆኑን አሳይተዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ተብሎ የሚጠራውን ዓይነት የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 ግን ከምደባው አወጣው። የጎንደሮቹ ጥናት የጠየቀው ይህ መዝገብ እንደገና እንዲከፈት ነበር። በመጨረሻም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ይህንን ሕመም «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ እውቅና ሰጠው። ስለዚህ አጠገባችን የተቀመጠው ቀጭን ልጅ «አንተ ደግሞ ምን ስኳር አለብህ?» የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማርና ቴምር ነው። «ስኳር የለውም» ተብለው ከሚቀርቡት ኬኮች አንዳንዶቹ ስኳር ባይገባባቸውም ማር ወይም የተፈጨ ቴምር ገብቶባቸዋል። እኛ የማር አገር ልጆች ነን፤ ማርን ለመንቀፍ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ነን። በሱረቱ-ን-ነሕል ስለ ማር ፈውስነት የተነገረውንም እናምናለን። ነገር ግን ፈውስ ያለበት መሆኑ ስኳርነቱን አያስቀረውም። መቶ ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ገደማ ስኳር አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲይዝ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ስኳር 12 ግራም ገደማ ነው፤ ማሩ ስለሚከብድ በማንኪያ ሲሰፈር እንዲያውም ይበልጣል። ቴምርም ትንሿ 5 ግራም ገደማ፣ ትልቋና ለስላሳዋ እስከ 18 ግራም ትይዛለች። 200 ግራም ስኳር የሚገባበትን ብራውኒ በ200 ግራም ማር ብንሠራውና 16 ቦታ ብንቆርጠው፣ ከጣፋጩ ብቻ ለአንድ ቁራጭ የሚደርሰው ከ12 ግራም ተኩል ወደ 10 ግራም ነው የሚወርደው። ለደም ውስጥ ስኳር ይህ ልዩነት ኬኩን «ስኳር የሌለው» አያሰኘውም። «የማር ኬክ» ብለን እናቅርበው፤ ስሙም ያምራል፣ እውነትም ነው።

በትክክል ስኳርም ሆነ የስንዴ ዱቄት የሌለው ብራውኒ መጋገር ይቻላል ወይ? ይቻላል። አስቀድሞ ግን ስኳሩ ኬኩ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ይጠቅማል። ስኳር ከማጣፈጥ ሌላ ውሃ ይይዛል፣ ኬኩ እንዳይደርቅና እንዳይጠነክር ያደርጋል፣ ላዩ ላይ የሚታየውንም ስስ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ይሠራል። ዱቄቱ ደግሞ ተሸካሚው ነው። ከሕንፃ ላይ ምሰሶ ሲነሳ ሌላ ተሸካሚ እንደሚገባ ሁሉ፣ እነዚህን ስናወጣ ሥራቸውን የሚሠራ ሌላ ነገር ማስገባት አለብን። በውጭ አገር የሚጠቀሙት የአልመንድ ዱቄት ነው። እኛ ግን ኦቾሎኒና ተልባ አለን። የኦቾሎኒው ቅባት ያለሰልሳል፣ የተልባው ልጋግ ውሃ ይይዛል፣ እንቁላሉ ሲበስል ረግቶ ሁሉንም ያያይዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 120 ግራም ቆላ ተደርጎ የተላጠ ኦቾሎኒ ይወቀጣል፤ ብዙ ከተወቀጠ ቅቤ ስለሚሆን ዱቄት ሲመስል ይቁም። 30 ግራም የተፈጨ ተልባ፣ 40 ግራም ስኳር የሌለው የካካዎ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ይጨመርበታል። ለብቻው 100 ግራም ቅቤ ቀልጦ ሲበርድ ከ3 እንቁላልና ስኳር ካልገባበት አንድ ስኒ ቡና ጋር ይመታል። ቡናው የካካዎውን ጣዕም ያወጣዋል። ለማጣፈጫ ስቴቪያ ከተገኘ ማሸጊያው ላይ ከ100 ግራም ስኳር ጋር እኩል ነው የተባለውን ያህል ይገባል። ደረቁና እርጥቡ ተቀላቅሎ፣ ተልባው ውሃውን እንዲጠጣ 10 ደቂቃ ይቀመጥ። ከዚያ በተቀባ መጋገሪያ ላይ ተዘርግቶ በ170 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገራል። መሐሉ ትንሽ እርጥብ ሲል ይውጣ፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ምድጃ የሌለው ሰው እናቶቻችን ድፎ ዳቦ የሚደፉበትን ዘዴ ይጠቀም፦ ከታች ለስለስ ያለ እሳት፣ ከላይ አክንባሎው ላይ ትንሽ ፍም።

እቃ ስንገዛ ማሸጊያውን እናንብብ። ለሚጠጣ ቸኮሌት የተዘጋጀው ዱቄት አብዛኛው ስኳር ነው፤ የሚያስፈልገን ንጹሕ ካካዎ ነው። አንዳንድ የስቴቪያ እሽግም ውስጡ ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን ተቀላቅሎበታል፤ ሁለቱም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 100 ግራም ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳርና 40 ግራም ካካዎ የገባበት የተለመደ ብራውኒ 16 ቦታ ሲቆረጥ ለአንዱ 19 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይደርሰዋል። የኦቾሎኒና የተልባው ብራውኒ፣ ቁራጩ አነስ ቢልም፣ ከ3 እስከ 4 ግራም ይደርሰዋል፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ስኳርነት የማይለወጥ አሰር ነው። አነጻጽሩት፦ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል።

«ቁጥሩ ለምን አስፈለገ? ስኳር እንደሌለው ከነገርነው አይበቃም?» የሚል ይኖራል። አይበቃም፤ ስህተቱ በሁለቱም በኩል ይጎዳልና። ማር የገባበትን ኬክ «ስኳር የለውም» ብለን ብናበላው ስኳሩ ሳያስበው ይወጣበታል። በተቃራኒው ደግሞ አንዲት እህት «ኬክ አለ» ተብላ ለተለመደው ኬክ የሚሆን ኢንሱሊን ተወግታ ብትመጣና ያገኘችው 3 ግራም ብቻ ያለው ብራውኒ ቢሆን፣ ስኳሯ ሊወርድባት ይችላል። የወረደ ስኳር ደግሞ ከወጣው ይልቅ ፈጥኖ ይጥላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ከዚያም ራስን መሳት ይመጣል። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛም ስንሰፍር የሰፈርነውን እንናገር።

ስለዚህ ስኳር ከገበታችን ጠቅልሎ ይውጣ አንልም። ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ለወረደበት ሰው መድኃኒቱ ያው ስኳር ነው፦ 15 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። በዚያ ሰዓት ብራውኒ፣ ቸኮሌትም ቢሆን፣ አይረዳም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋልና። ራሱን የሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አይደረግበትም፤ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ይወሰዳል። በጾም ወቅት ይህ ከደረሰበት ጾሙን ሊያፈርስ ይገባዋል፤ ለታማሚ የተሰጠው ሩኽሳ ለዚህ ነው። ጓደኞቹም «ትንሽ ታገሥ፣ መግሪብ ደርሷል» ሊሉት አይገባም።

ሌላው የምንሰማው ተቃውሞ ዋጋው ነው። እውነት ነው፣ ካካዎና ቅቤ ለተማሪ ኪስ ይከብዳሉ፤ ስቴቪያም በየሱቁ አይገኝም። ግን ግዴታው ብራውኒ አይደለም። የተቆላ ኦቾሎኒ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ስኳር ያልገባበት ሻይ በአንድ ጥግ ማቅረብ ለማንኛውም ጀመዓ ይቻላል። ሻዩን አስቀድሞ በጀበናው ከማጣፈጥ ስኳሩን ለብቻው ማቅረብማ ምንም ወጪ የለውም። ብራውኒው ለዒድና ለምርቃት ይቆይ።

«ለጥቂት ሰው ሲባል ይህ ሁሉ?» የሚለው ግን መልስ የሚፈልግ አይመስለንም። አብሮ ለመብላት የጠራነው ሰው አብሮ ካልበላ ጥሪያችን ጎደሎ ነው። ጤነኞቻችንም ብንሆን ይህንን ኬክ ለክብደት መቀነሻ እንዳንቆጥረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ክብደትን ለመቆጣጠር ተብሎ የስኳር ምትክ ማጣፈጫዎችን መጠቀምን አልመከረም፤ ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። ጤነኛ ሰው ይልቅ የሻዩን ስኳር ቢቀንስ ይሻለዋል።

እንግዲህ ከመጪው ዝግጅት ጀምሮ ሦስት ነገር እንድናደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ኬክ የሚያመጣ ሁሉ ሳህኑ አጠገብ ትንሽ ወረቀት ያስቀምጥ፦ ምን እንደገባበት፣ በምን እንደጣፈጠ፣ አንድ ቁራጭ ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት እንዳለው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ስላለ እሱም ይጻፍ። ስሌቱን ለመሥራት የምህንድስናና የጤና ተማሪዎች አለን፤ ለአንድ መጋገሪያ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ የዝግጅቱ አስተናጋጆች ለስላሳና ማር በእጃቸው ይኑር፤ የወረደ ስኳር ምልክትንም ይወቁ። ሦስተኛ፣ አንድ ሰው «ይቅርብኝ» ሲል «ለእኔ ስትል አንዲት ጉርሻ» ብለን አናስጨንቀው። ሊበላ የሚችለው ነገር ካለ እናሳየው፤ ከዚያ ምርጫው የእሱ ነው።

መድኃኒቱንና የጾሙን ጉዳይ የሚወስነው ታማሚው ከሐኪሙ ጋር፣ ከዑለማእም ጋር ተማክሮ ነው። የእኛ ድርሻ ከዚያ ያነሰ ነው፦ በገበታው ላይ ቦታ መስጠትና ያቀረብነውን በትክክል መናገር። ከመጋገር በፊት ኦቾሎኒውን መመዘን እንዳንረሳ፤ ሚዛን የሌለው ከጎረቤት ዶርም ይዋስ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሙሉ ሺፋእ ይስጥልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።