«በስህተት ተልኮብዎት ነው»

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር እንጀራ እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት የደረሰባቸውን ሲያጫውቱኝ፣ እኔም ብሆን እታለል ነበር ብዬ አሰብሁ።

አንድ ማለዳ ምጣዳቸው ላይ ሳሉ ስልካቸው ጮኸ። 3,000 ብር በቴሌብር እንደገባላቸው የሚገልጽ መልእክት ነበር፤ አጻጻፉ ቁርጥ የቴሌብርን ይመስላል። ወዲያው አንድ ወጣት ደወለና፣ «እናቴ፣ ለእህቴ ሕክምና የላክሁት ገንዘብ በስህተት ተልኮብዎት ነው፤ ስለ ማርያም ይመልሱልኝ» አለ። እሳቸውም የሰው ገንዘብ ቤቴ አያድርም ብለው ላኩለት። የላኩት የራሳቸውን የጤፍ መግዣ መሆኑን ያወቁት ገበያ ወርደው ሒሳቡ ሲጎድልባቸው ነው።

የሚታለል ሰው ስግብግብ ነው ሲባል እንሰማለን። እኒህን ሴት የጎዳቸው ግን ታማኝነታቸው ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙዎቻችን ገንዘብ ከመቀነት ወደ ስልክ ተዛውሯል። የመቀነታችንን ቋጠሮ የምናውቀውን ያህል ግን የስልኩን አላወቅነውም። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከግለሰብ ቁጥር የመጣ «ገባልዎ» አይታመንም። ይሁንና አታላይ የላኪውን ስም እስከ ማስመሰል ስለሚደርስ፣ መልእክቱን ትቶ በ*127# ቀሪ ሒሳብን ማየት ይሻላል። የንግድ ባንክ ደንበኞች *889# አላችሁ። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢገኝ እንኳ፣ ደዋዩን «ለድርጅቱ አመልክት» ብሎ መሸኘት ነው፤ በበኩላችሁም ለቴሌ በ994፣ ለባንኩ በ951 ደውላችሁ ጠይቁ።

ሌላውም ዘዴ ከዚሁ አይርቅም። «ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶሻል፣ አሁን የሚገባልሽን ቁጥር አንብቢልን» ይላሉ። ያ ቁጥር ሒሳባችሁን በሌላ ስልክ የሚከፍት ቁልፍ ነው። በቴሌግራም የታወቀ ድርጅት ዓርማ ለጥፎ «እዚህ ተጫኑ» የሚለውም የሚፈልገው ይህንኑ ቁልፍ ነው። በየቤቱ መልእክት የሚያነቡልን ልጆች ስለሆኑ፣ ይህን ለእነሱም መንገር ያስፈልጋል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 እንዲህ ያለውን ማታለል ይቀጣል። ለፖሊስ ማመልከት የሚቻለው ግን ሲናገሩት ነው። እንጀራ ሻጯ እናት አፍረው ለባለቤታቸው እንኳ ሳይነግሩ ሁለት ሳምንት ቆዩ። በዚሁ መካከል ያው «ስለ ማርያም» የሚል ድምፅ ለጎረቤታቸው ደውሎ ነበር፤ እሷም ላከች።