የይለፍ ወረቀቱ በማን እጅ ነበር?

ወደ ጂቡቲ የሚወርደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ መነሻው ሰበታ ነው። የኢትዮጵያው ክፍል ሲሠራ ለተቋራጮች የተከፋፈለው ሰበታ–ሚኤሶ እና ሚኤሶ–ደወሌ ተብሎ ነበር፤ መስመሩ በ2016 ተመረቀ፣ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱንም በ2018 መባቻ ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ፋብሪካዎች አንዱ ከውጭ ያዘዘው ጥሬ ዕቃ ሐዲዱም ሆነ አስፋልቱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሌላ መንገድ መጨረስ አለበት፦ የጭነት ሰነድ፣ ዲክላራሲዮን፣ የመልቀቂያ ፈቃድ፣ የትራንዚተር ፊርማ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሐዲዱ ምንም አያደርግለትም። ስለ ወደብ የምናደርገው ክርክር ግን ሁልጊዜ ወደ መሬቱ ይሮጣል፦ ምፅዋን ማን ወሰደ፣ ዘይላን ማን ተወ፣ አሰብ የማን ነበር። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሆኖም በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች የኢትዮጵያን ነገሥታት እጅ ያሰረው ከቀረጡም ከመሬቱም በላይ የማሳለፍ ሥልጣን ነበር ብዬ እከራከራለሁ፤ ምን ዕቃ፣ ለማን፣ በማን ፊርማ እንደሚገባ የሚወስን የባዕድ ሹም። ነገሥታቱ የቀናቸው በሮቹ በዝተው በረኞቹ ሲፎካከሩ ነው። በረኞቹ የተስማሙ ዕለት የኢትዮጵያ ጉልበት ይቀንስ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከኤደን ነው። በጥር 1839 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ኤደንን በጦር ያዘ፤ የወደቡ ሹም ካፒቴን ሄንስም ተጠሪነቱ ለቦምቤይ መንግሥት ሆነ። ለመርከቦች የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ትሆናለች የተባለችው ከተማ ብዙ ሳትቆይ የፖለቲካ ጽሕፈት ቤት ሆነች። ሄንስ ከአካባቢው ሼኮችና ሱልጣኖች ጋር ይዋዋላል፣ ለላሕጅ ሱልጣን ዓመታዊ ድጎማ ይከፍላል፣ የጎሳዎቹን ጠብና እርቅ በሰላዮቹ ይከታተላል። በ1850 ደግሞ ኤደን ከቀረጥ ነጻ ወደብ ተባለች። ይህን እንደ ትልቅ ማስረጃ የምቆጥረው በምክንያት ነው። ዋናው ፍላጎት ገቢ ቢሆን ኖሮ ቀረጡን ማን ይተው ነበር? ቀረጡ ሲነሣ ነጋዴው ከሞካ ወደ ኤደን ፊቱን አዞረ፤ የሐረር ቡናና ቆዳ፣ ከማዶ የሚሻገረው ከብት ሁሉ በእንግሊዝ ሹም ዓይን ሥር ማለፍ ጀመረ። ከዕቃው ጋር ወሬው፣ ደብዳቤውና ተጓዡም መጣ። በ1841 ካፒቴን ሃሪስ በታጁራ አድርጎ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የደረሰው ከዚህችው ኤደን ተነሥቶ ነው። የተፈረመው ውል የንግድ ነበር፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን ጠመንጃና ባለሙያ፣ እንግሊዞች የፈለጉት ደግሞ ፈረንሳይን መቅደም ነበር። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በ1843 ከንጉሡ ጋር የራሱን ውል ተፈራረመ።

በሰሜን ምፅዋ ከ1557 ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ እጅ ነበረች። እንግሊዝ በ1848 ዋልተር ፕላውደንን ቆንስል አድርጋ ስትሾም የሹመቱ ስም ንግድ ማስፋፋት ነበር፤ በ1849 ከራስ አሊ ጋር የፈረመውም የንግድ ውል ነው። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው ሥራው ማን እንደሸፈተ፣ ማን እንደነገሠ፣ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ ለሎንዶን መጻፍ ሆነ። በ1860 በጎንደር አጠገብ ቆስሎ ሞተ። ተተኪው ካሜሮን በ1862 ሲመጣ አፄ ቴዎድሮስ በእጁ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ስለዚህ ደብዳቤ ስንናገር የሚታወሰን መልስ ማጣቱና የንጉሡ ቁጣ ነው። ይዘቱን በቅርበት ያየ ሰው ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ያገኝበታል፦ ቱርክ የባሕሩን ዳርቻ ስለዘጋብኝ መልእክተኞቼ በሰላም የሚያልፉበትን መንገድ አመቻቹልኝ። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የጠየቁት የይለፍ ወረቀት ነበር። ደብዳቤው በ1863 መጀመሪያ ሎንዶን ደርሶ ከውጭ ጉዳይ ወደ ሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላለፈና ያለ መልስ ተቀመጠ። ካሜሮንም ወደ ምፅዋ ተመልሶ ከአገሩ ፖለቲካ እጁን እንዲሰበስብ ታዘዘ። በ1864 መጀመሪያ ታሰረ።

እዚህ ላይ ሊቀርብ የሚችለው ተቃውሞ ቆንስሎቹ ጉልበት አልነበራቸውም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ፕላውደን በሽፍታ እጅ ሞተ፣ ካሜሮን በሰንሰለት ታሰረ፣ ካሜሮንን ለማስፈታት የተላከው የኤደን ነዋሪ ሹም ረዳት ሆርሙዝድ ራሳምም ምፅዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ደጅ ጠንቶ ነው ንጉሡን በጥር 1866 ያገኘው። ሰውየው ደካማ ቢሆንም ማኅተሙ ግን ብርቱ ነበር። ንጉሡ ከአውሮፓ ጋር ለመነጋገር በዚያ ደካማ ሰው በኩል ከማለፍ በስተቀር ሌላ በር አልነበራቸውም፤ ደካማው በረኛ ሲከፋውም ከኋላው የቦምቤይ ጦር ተነሣ። በ1867 መጨረሻ የናፒየር ሠራዊት ዙላ ላይ ወረደ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ወደቀች።

የቆንስል ሥራ ምን እንደነበረ ከማንም በላይ ግልጽ የሚያደርገው ግን ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነው። ምፅዋ ላይ የፈረንሳይ ቆንስል ሆኖ ሠራ፤ የእንግሊዝንም ቆንስላ ጉዳይ በተጠባባቂነት ያዘ፤ የናፒየርን ዘመቻ በአገር እውቀቱ አገዘ። ከዚያ በ1871 ለግብጹ ኬዲቭ እስማኤል ገብቶ የምፅዋ ገዥ ሆነ፣ በ1872ም ቦጎስን ያዘ። ያው አንድ ሰው፣ በያዘው ያው የመንገድ፣ የገበያና የሹማምንት እውቀት፣ ለሦስት መንግሥታት አገልግሏል። ንግድን ለመከታተል የተሰበሰበው መረጃ ሳይለወጥ የወረራ መረጃ ለመሆን በቃ። ሙንዚንገር ራሱ በኅዳር 1875 አውሳ ላይ ተገደለ። ያ መረጃ ግን በየመዝገብ ቤቱ ቀርቶ ኋላ የመጡትም ተገልግለውበታል።

አፄ ዮሐንስ ይህን ጠንቅቀው የተረዱ ይመስለኛል። ሰኔ 3 ቀን 1884 የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት አድዋ ላይ የፈረመው ውል የመጀመሪያው አንቀጽ መሬት አይጠቅስም፤ በምፅዋ በኩል ማንኛውም ዕቃ፣ ጦር መሣሪያና ጥይት ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ በነጻ እንዲያልፍ ይደነግጋል። ንጉሡ በምላሹ በመሐዲስቶች የተከበቡትን የግብጽ ጭፍሮች ለማስወጣት ቃል ገቡ፣ ቃላቸውንም ጠበቁ። የካቲት 5 ቀን 1885 ግን ጣልያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋን ያዘች። ዋስ የሆነው መንግሥት በሩን ለሌላ በረኛ አስረክቦ ሲሄድ የይለፉ አንቀጽ ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዶጋሊ ላይ የፈሰሰው ደም የዚህ ክህደት ውጤት ነው።

ከደቡብ ምሥራቅ በኩል የነበረው ሁኔታ የተለየ መሆኑ ለክርክሬ ወሳኝ ነው። ዘይላ፣ ታጁራ፣ ኦቦክ፣ ኋላም ጂቡቲ፤ በአንድ ዳርቻ ላይ ብዙ በሮችና የማይዋደዱ በረኞች። የዘይላው አቡበከር ኢብራሂም እስከ 1885 ሞቱ ድረስ ግብጽን፣ ፈረንሳይንና እንግሊዝን እያፈራረቀ ያስተናግድ ነበር። በ1886 እንግሊዝና ፈረንሳይ የጦር መሣሪያ እንዳይገባ ሲስማሙ ምን እንደደረሰ በአንድ ሲራራ እንይ። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ 2000 ያህል አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ላይ ታገደ። ከሸሪኩ ላባቱ ጋር ለፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቤቱታ ጻፉ፣ ልዩ ፈቃድም ተገኘ። ሸሪኩ ሞተ፤ ራምቦ ብቻውን በጥቅምት 1886 ተንቀሳቅሶ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ሸዋ ገባ። ጠመንጃው እንጦጦ የደረሰው በፓሪስ የአንድ ሚኒስትር ብዕር ስለፈቀደ ነው።

ምኒልክ ከዚህ የተማሩት አንድ በረኛን ከሌላው ማፎካከርን ነው። የውጫሌ ውል ሲፈርስ፣ ጣልያን በሯን ስትዘጋ፣ እንደ ሌዎን ሸፍኔ ያሉ ፈረንሳውያን ነጋዴዎች በኦቦክና በጂቡቲ ጠመንጃ ያስገቡ ነበር፤ አድዋ ላይ የተተኮሰው ብዙው ጥይት በዚያ በር ያለፈ ነው። በ1897 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል ጂቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ ይፋ መውጫ ተባለች፤ የጂቡቲው ገዥ ላጋርድም ያንኑ ሥልጣኑን እንደያዘ የፈረንሳይ መልእክተኛ ሆኖ አዲስ አበባ መጣ። ምኒልክ በዚያው ዓመት ከእንግሊዙ ሬኔል ሮድ ጋር ተዋውለው ዘይላንም ክፍት አደረጉ። ይህኛው ውል ጥቃቅን ቃላቱ ሳይቀሩ ሊነበብ ይገባል። ለመንግሥት አገልግሎት የሚመጣ ዕቃ በዘይላ ያለ ቀረጥ ያልፋል ይላል፤ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሲጠይቁ ነው። ጦር መሣሪያም ያልፋል፤ ግን የባሪያና የመሣሪያ ንግድን በሚመለከተው በ1890ው የብራስልስ ድንጋጌ መሠረት ነው። አድዋን ያሸነፈ ንጉሥ እንኳ ቀረጡ ተነሥቶላቸው የማመልከቻው ግዴታ አልተነሣላቸውም።

በረኞቹ የተስማሙት ታኅሣሥ 13 ቀን 1906 ነው። በዚያ ዕለት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን በሎንዶን ሁለት ሰነድ ፈረሙ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያን በፍላጎት ቀጠና የሚያካፍለውና በትምህርት ቤት ሁሉ የሚነሣው ነው። ሁለተኛው ብዙ አይነገርለትም፤ በየወደቦቻቸው የሚያልፈውን ጦር መሣሪያ በጋራ ለመቆጣጠር የተደረገ ስምምነት ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የጎዳን ሁለተኛው ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ምኒልክ ሉዓላዊነታችንን አይነካም ብለው በጽሑፍ ሊመልሱለት ቻሉ፤ ሁለተኛውን ግን መልስ አያስቆመውም፤ የሚፈጸመው በባሕር ዳር ነውና። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ አልተፈታም። በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስንሆን ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ ቃል ገብተን ነው፤ በነሐሴ 1930 ከሦስቱ ጎረቤቶች ጋር የተፈረመውም ውል ስለዚሁ ነበር። በጥር 1935 የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ከሙሶሊኒ ጋር ተስማምቶ 2500 የጂቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር አክሲዮን ለጣልያን ሰጠ፤ የጣልያን ወረራ ሲጀመር ፈረንሳይ በጂቡቲ የሚያልፈውን መሣሪያ ገደበች፣ የመጣው ጥቂትም በበርበራ ዞሮ ነው። ሐዲዱ ከ1917 ጀምሮ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ሐዲድ ነበረን፤ ፈቃድ አልነበረንም።

ከባዱ ተቃውሞ የባሪያ ንግድ ነው። ይህን ቁጥጥር ያመጣው ሰውን መሸጥ ማስቆም ነበር፣ እናንተም የጠመንጃ ነጻነት ትላላችሁ ይባል ይሆናል። የኛ ሹማምንትና ነጋዴዎች በዚያ ንግድ እጃቸው እንደነበረበት መካድ ነውር ነው። በ1888 ኦስፕሬይ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከአረብ ጀልባዎች ከ200 በላይ ሰዎች አስለቀቀች፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ኤደን ተወሰዱ፣ ከነሱም ከ60 የሚበልጡት በ1890 ደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። ለእነዚያ ልጆች የኤደን ሹም ነጻ አውጪ ነው፤ ይህን የሚያስተባብል ክርክር የለኝም። የምለው ሌላ ነው። የብራስልሱ ድንጋጌ የባሪያንና የመሣሪያን ንግድ በአንድ ሰነድ ጠቅልሎ፣ ልጆችን የሚያድነው ፍተሻ አንድን ነጻ መንግሥት ትጥቅ ለመንፈግም መዋል እንዲችል አድርጓል። የመጀመሪያው ጽድቅ ለሁለተኛው ሽፋን መሆን አልነበረበትም።

ወደቡ የራሳችን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር የሚሉም አሉ። የግብጽ ታሪክ ያጠራጥራል። ኬዲቭ እስማኤል ምፅዋን በ1865፣ ዘይላንና ሐረርን በ1875 በእጁ አስገብቶ ነበር። በጉንደትና በጉራ ተሸነፈ፣ በዕዳ ተዘፈቀ፣ አበዳሪዎቹ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ፤ በ1882 እንግሊዝ ካይሮ ገባች፣ እስከ 1885 ድረስም ምፅዋም ዘይላም ከግብጽ እጅ ወጡ። የግብጽ ባንዲራ ወደቡ ላይ እየተውለበለበ ሥልጣኑ ግን ሌላ ቤት ነበር።

ዛሬ ቅኝ ገዥ የለም፣ ጂቡቲ ወዳጅና ሉዓላዊ ጎረቤት ናት፣ ይህም ልክ ነው። ግን ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የወጪና ገቢ ንግዳችን በአንድ በር ሲያልፍ፣ በዚያ በር ላይ የሚደረገው ውሳኔ ሁሉ እኛ ሳንቀመጥበት የኛ ጉዳይ ይሆናል። በየካቲት 2018 ጂቡቲ የዶራሌን ኮንቴይነር ተርሚናል ከዲፒ ወርልድ ስትነጥቅ ጠቡ የአንድ መንግሥትና የአንድ ኩባንያ ነበር፤ ኮንቴይነሮቹ ግን በአብዛኛው የኛ ናቸው። በቀጣዩ ወር ኢትዮጵያ በበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ ተነገረ። ከወደቡ ባለቤቶች ጋር እኩል ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ሁለተኛ በር የሚከፍት ነገር ነበር፤ ምኒልክ በ1897 በዘይላ ያደረጉት ዓይነት። በ2024 መጀመሪያ ከሶማሌላንድ ጋር ስለተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ አገር ምድሩ ሲነጋገር ከርሟል፤ ስለዚህ ድርሻ ግን የጮኸ ጥቂት ሰው ነው። የሚጠበቅብንን ሳናሟላ ቀርተን በ2022 ከእጃችን ወጥቷል።