ሳሙኤል ሲዘገይ

ዛሬ ስለ መታዘዝና ስለ ትዕግሥት የምጽፍላችሁ እንደ አስተማሪ አይደለም። በዚህ ፈተና ወድቃ እንደ ተነሣች እኅት ነው።

ንጉሥ ሳኦል በጌልገላ የነበረበትን ሁኔታ ታስታውሳላችሁ (1ኛ ሳሙ. 13)። ነቢዩ ሳሙኤል መጥቶ መሥዋዕቱን እስኪያቀርብና የሚያደርገውን እስኪነግረው ድረስ ሰባት ቀን እንዲቆይ ታዝዟል (10፥8)። ፍልስጥኤማውያን ከሰረገሎቻቸውና ከ6,000 ፈረሰኞቻቸው ጋር በማክማስ ሰፍረዋል። የእስራኤል ሰዎች በዋሻና በጉድጓድ ተሸሽገዋል፤ ከንጉሡ ጋር የቀሩትም እየተንቀጠቀጡ አንድ በአንድ ይበታተናሉ። ሳኦል ግን ጠበቀ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እያለ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ጠበቀ። ሳሙኤል ዘገየ። በመጨረሻ ሳኦል የሚቃጠለውን መሥዋዕት ራሱ አቀረበ። አቅርቦ እንደ ጨረሰም ሳሙኤል ደረሰ።

ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ሳኦል ብዙውን መንገድ ሄዶ ነበር፤ የቀረው አንድ መሥዋዕት ቀርቦ የሚያልቅበት ጊዜ ያህል ብቻ ነበር።

ሳሙኤል ምን አደረግህ ሲለው ሳኦል ሦስት ምክንያት አቀረበ፤ ሕዝቡ ተበታተነ፣ አንተ ዘገየህ፣ ጠላት ተሰበሰበ አለ። ልብ በሉ፣ ሦስቱም እውነት ናቸው። ሰውዬው አልዋሸም። ደግሞም አልሸሸም፣ ለጣዖትም አልሰገደም፤ ያደረገው ለእግዚአብሔር መሥዋዕት ማቅረብ ነው። አለመታዘዝ ሁልጊዜ በኃጢአት መልክ አይመጣም። አንዳንድ ጊዜ በቂ ምክንያት ይዞ፣ የአምልኮ ልብስ ለብሶ ይመጣል።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ይልቅ በገዛ ቤቴ ነው። ታናሽ እኅቴ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ ሲያልፍ እርሷ ሳትጨነቅ እኔ እጨነቅላት ጀመር። ከዚያ በውጭ አገር የሚሠራ አማኝ ወንድም ለእረፍት መጥቶ ጠየቃት። የእረፍቱ ጊዜ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሊጋቡ ያሰቡ ሁሉ የስድስት ወር የምክር ትምህርት ይወስዳሉ። ይህን ሥርዓት ለእኅቶች ሳስረዳ፣ ስለ ጥቅሙም ሳስተምር የኖርኩት እኔው ነኝ።

ባለቤቴ ግን ያው ሥርዓት ለእኛም ነው አለ። «ከጌታ ከሆነ ስድስት ወር አያፈርሰውም» አለኝ። እኔም ሦስት ምክንያቶቼን ደረደርኩ፤ ዕድሜዋ ሄደ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ ተቆርጧል፣ እናታችን በሕይወት እያለች ትየው። ሁሉም እውነት ነበሩ። ሦስት ቀን ጾሜ ጸለይኩ። ዛሬ ሳስበው ግን መልስ እየጠበቅሁ አልነበረም። የወሰንኩትን ጌታ እንዲያጸድቅልኝ ነበር የምጾመው። ከዚያም ባለቤቴን አልፌ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞርኩ ለመንኩ። ስለ አገልግሎቴ ሲሉ እሺ አሉኝ። የስድስት ወሩ ትምህርት በሦስት ሳምንት አለቀ፤ ሠርጉም ተደገሰ፣ እልል ተባለ።

ከ14 ወር በኋላ እኅቴ አንድ ሻንጣ ይዛ በሬን አንኳኳች። ባልዋ ከሠርጉ በፊት ያልተናገረው ብዙ ዕዳ ነበረበት። እርሷን ለመውሰድም የሚያስችል የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም። በትምህርታችን ውስጥ ስለ ገንዘብና ተራርቆ ስለ መኖር በግልጽ የሚነጋገሩባቸው ሳምንታት አሉ፤ እኔ ያስዘለልኩት እርሱን ነበር። ቡና እያፈላሁላት ቀና ብላ፣ «እታለም፣ ለሰው ሁሉ የምታስተምሪውን ለእኔ ለምን ከለከልሽኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ትዕግሥት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው አልልም። በዚያው በማክማስ የሳኦል ልጅ ዮናታን ጋሻ ጃግሬውን አስከትሎ ገደሉን ወጥቷል (ምዕራፍ 14)፤ እርሱ ግን አስቀድሞ ከእግዚአብሔር ምልክትን ጠበቀ። ትዕግሥት ማለት በቤት ውስጥ ዱላን ችሎ ዝም ማለትም አይደለም። እንዲህ ያለ ጭንቀት ላይ ያላችሁ እኅቶች ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ። የምናገረው፣ ጌታ ቆዪ ያለንን ስፍራ እያወቅን ስለምናልፈው ነገር ነው።

ዳዊትን ተመልከቱ። በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ሳኦል ራሱ በእጁ ገባለት (ምዕራፍ 24)። ሰዎቹም ጌታ የሰጠህ ቀን ይህ ነው አሉት። ዳዊት ለንግሥና ተቀብቷል፤ ያለ በደሉም እየተሳደደ ነው። ምክንያቱ ከሳኦል ምክንያቶች ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሆኖም የልብሱን ጫፍ ብቻ ቈረጠ፤ ለእርሱም እንኳ ልቡ መታው። ዙፋኑን ከእግዚአብሔር እጅ እንጂ በአቋራጭ ሊወስደው አልፈለገም።

ስለዚህ ከመቸኮላችን በፊት ሦስት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ። ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው ምን ብዬ እመክረዋለሁ? ውሳኔዬን እንዳይሰማብኝ የምሸሸው ሰው አለ? ጌታ «አይሆንም» ቢለኝ ለመስማት ዝግጁ ነኝ? እኔ ያን ጊዜ አንዱንም አልጠየቅሁም።

ባለቤቴንም፣ ሽማግሌዎችንም፣ እኅቴንም ይቅርታ ጠይቄአለሁ። አሁን እኅቴና ባልዋ ያንኑ የስድስት ወር ትምህርት ከመጀመሪያው ጀምረዋል፤ እርሱ ከሚሠራበት አገር በስልክ፣ እርሷ ከእኛ ሳሎን። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ናቸው። ዕዳው አልተከፈለም፤ ወረቀቱም ገና ነው። ትናንት ማታ ግን በሩ ተዘግቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። ገብቼ «ምን አለሽ?» ልላት እጄ መዝጊያው ላይ ደርሶ ነበር፤ ተመለስኩ። እኔም ገና መጠበቅ እየተማርኩ ነው።

ጌታ ሆይ፣ የዘገየህ በሚመስለን ቀን በቃልህ ላይ የምንቆይበትን ጸጋ ስጠን። አሜን።