«ዘዬ» እያላችሁ ቋንቋ አትቅበሩ

ዓረብ አገር ስሠራ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ኖረናል። ከአገሯ ልጆች ጋር በታጋሎግ ታወራለች፣ ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ፣ ከእማማ ጋር ደግሞ በወጥ ቤት ዓረብኛ። ማታ ወደ እናቷ ስትደውል ግን ሌላ ቋንቋ ይመጣል። ሳቋ እንኳ ይለወጣል። አንድ ቀን «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት። «ቋንቋ እንኳን አይደለም፤ የአገር ቤት ዘዬ ነው» አለችኝ። ከእናቷ ቀጥላ ወደ ልጆቿ ስትደውል ወደ ታጋሎግ ትመለሳለች።

ያ «ዘዬ» ፓንጋሲናን ይባላል። እሷን አልወቅሳትም፤ የተነገራትን ነው የደገመችው። ጠቤ ከነገሯት ጋር ነው።

ፓንጋሲናን በሉዞን ደሴት፣ በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለ ክፍለ ሀገር ነው። «አሲን» ጨው ነው፤ ፓንጋሲናን ማለት ጨው የሚሠራበት ቦታ። ዘዬ ቢሆን ኖሮ የማኒላ ሰው ሲሰማው በገባው ነበር። ታጋሎግ ተናጋሪ ውሃን «ቱቢግ» ይላል፣ ፓንጋሲናን ተናጋሪ «ዳኑም»። ቤት ለዚያ «ባሃይ»፣ ለዚህ «አቡንግ»። «እኔ» ለማለት እንኳ አንዱ «አኮ»፣ ሌላው «ሲያክ» ይላል። የቋንቋው የቅርብ ዘመዶች በስተሰሜን በተራራው ላይ የሚኖሩት እንደ ኢባሎይ ያሉት ናቸው እንጂ ታጋሎግ አይደለም። ተናጋሪውም ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው። ታዲያ «ዘዬ» የሚለው ስም ከየት መጣ? ሥልጣን ካለበት ከተማ ነዋ!

መንግሥትም ይህን አይስተውም። የ1987ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት የየአካባቢው ቋንቋዎች በየአካባቢያቸው ረዳት የሥራና የማስተማሪያ ቋንቋ ናቸው ይላል። በ2012 ደግሞ ፓንጋሲናን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማስተማሪያ እንዲሆኑ ከተመረጡት 12 ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ልጁ በእናቱ ቋንቋ ፊደል ሊቆጥር ነው ተባለ። በጥቅምት 2024 ግን አዲስ ሕግ መጣና ማስተማሪያው ወደ ፊሊፒኖና እንግሊዝኛ ተመለሰ። (ፊሊፒኖ ማለት መሠረቱ ታጋሎግ የሆነው ብሔራዊ ቋንቋ ነው።)

የሕጉ ደጋፊዎች ምክንያት አላቸው፣ አልክድም። መጽሐፍ የለም፣ የሠለጠነ መምህር የለም፣ ክፍሉ ድብልቅ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ በፓንጋሲናን ውስጥ ራሱ ኢሎካኖ የሚናገረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ግን መጽሐፉን ማሳተም የማን ሥራ ነበር? መምህሩን ማሠልጠንስ? ሕፃኑ ነው እንዴ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

ሕጉ በር ትቻለሁ ይላል። የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ አፍ መፍቻቸው አንድ ከሆነ፣ ቋንቋው ሰዋስው፣ ጽሑፍና መምህር ካለው በዚያ ቋንቋ ማስተማር ይቻላል። እስቲ አስቡት። ልጆች በተቀላቀሉበት ከተማ ቋንቋው ይበልጥ ይደክማል፤ ድጋፍ የተከለከለውም እዚያው ነው። ለጤነኛው መድኃኒት ፈቅዶ ለታመመው መከልከል ማለት ይሄ ነው።

«ልጆቹ እንግሊዝኛ ይጎድላቸዋል» የሚሉም አሉ። ያቺ የክፍል ጓደኛዬ አራት ቋንቋ ትናገር ነበር። አንዱ ሌላውን አላስወጣባትም። ልጅ አንዱን ለመማር ሌላውን መርሳት አለበት ያለው ማነው?

የምፈራው ሌላ ነው። ሚሊዮን ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ሲደክም ማንም አይደነግጥም፤ «ገና ብዙ ሰው አለው» ይባላል። ግን ቁጥሩን የሚይዙት አያቶች ከሆኑ ቁጥሩ አብሯቸው ይቀበራል። ሕጉ ነገ ቢሻር እንኳ፣ እናት ለልጇ ካልተናገረችው ትምህርት ቤት ብቻውን አያድነውም። ትምህርት ቤቱ ሲያሳፍር ደግሞ እናትም ትተዋለች።

እህቴ፣ ይሄ ጽሑፍ በሆነ መንገድ ቢደርስሽ፣ ዛሬ ለልጆችሽ ስትደውዪ እናትሽን በምታናግሪበት አፍ አናግሪያቸው። ቋንቋ ነው፤ ዘዬ አይደለም።

ዋሽንግተንና ፍራንክፈርት ተቀምጣችሁ ልጃችሁን በአማርኛ ማናገር የተዋችሁም ብትሆኑ ይሄ ወሬ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አያቱ ስትደውል ማን ያስተረጉምለት?