የሐይቅ ዳር ስጦታና የተቀባዩ ዕድሜ

ወደ ጉዱማሌ የመጣ እንግዳ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባዶ እጁን መመለስን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ያለውን ሁሉ ያቀርብለታል። ነገር ግን «ስጦታው ዕድሜው ስንት ለሆነ ሰው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሻጭ በነጋዴ ቤት ጸሐፊነት በቈየሁበት ዘመን ያጋጠመኝ ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት ከዋጋው በፊት ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

የሕፃናቱን ነገር እናስቀድም፤ በዚህ በኩል የሚደርሰው ጉዳት በገንዘብ ብቻ አይተመንምና። በአየር የሚነፋው የላስቲክ ቀለበት ቀለሙ ስለሚያምር ወላጅ ለልጁ ይመርጠዋል፤ አንዳንዱ ሻጭም «ልጁን ከመስጠም ያድነዋል» ሲል ይሰማል። ይህ አባባል ፈጽሞ መቅረት አለበት። ቀለበቱ መጫወቻ እንጂ የነፍስ አድን ሰደርያ አይደለም። አየሩ ሊወጣ ይችላል፤ ባይወጣም ዕቃው ቀላል በመሆኑ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ከነልጁ ወደ ጥልቁ ሊገፋው ይችላል። በሐይቁም ውስጥ ጉማሬ እንዳለ ማንም ያውቃል። ለልጅ ኳስ ወይም ከእንጨት የተቀረጸ ጉማሬ ይበቃዋል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚወስድ ሕፃን ደግሞ ዶቃና ዛጎል ያለበት ዕቃ አይሰጥ።

ለወጣቶች ብዙ መናገር አያሻም፤ ካናቴራና ባርኔጣ ይወዳሉ። ብቻ ሥዕሉ የሐይቃችን ይሁን። ዶልፊንና የኮኮናት ዛፍ የታተመበት ካናቴራ «የሐዋሳ ማስታወሻ» ተብሎ ሲሸጥ አይቼ ሣቄ መጥቷል። የእኛ ሐይቅ ውኃው ጨው አልባ፣ ዓሣውም ቆሮሶና አምባዛ ነው፤ በዳርቻውም አባ ኮዳ ይቆማል። አባ ኮዳ መልኩ አያምርም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ቢሆንም በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያየው ሰው አይረሳውም።

ለሸመገሉ ወላጆች ከመደርደሪያ ጌጥ ይልቅ የሚለበስ ወይም የሚጠጣ ነገር ይሻላል። ጋቢ መልካም ነው። ከዚያም የሚበልጠው የተቈላ የሲዳማ ቡና ነው፤ የሐይቁ ሥዕል በማሸጊያው ላይ ቢታተም ማስታወሻነቱ አይጓደልም። ጉልበቱ ለደከመ ሰው ከባድ የሸክላ ዕቃ ማቅረብ ግን ማሸከም ነው።

በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው ፍቼ ጨምበላላ በጉዱማሌ ሲከበር ገበያው ይደራል። ቀኑን የሲዳማ አያንቶዎች የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው ስለሚወስኑት፣ ዕቃ ለማዘዝ ቀኑ እስኪነገር የሚጠብቅ ነጋዴ ይዘገያል። በበዓሉ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ስለሚሉ፣ እንግዳውም ይበልጡን የሚገዛው ለእነርሱ ነው። ስለዚህ ኳሱና የእንጨት መጫወቻው አስቀድሞ ይታዘዝ፤ የላስቲኩ ቀለበትም ከመደርደሪያው ባይነሣ እንኳ «መጫወቻ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት።