በ25 ወርቅ የሚገዛ ቅዱስ ውሃ

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን ጨዋታ ከእናንተ መካከል የሚጫወቱት አሉ። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ጦረኛ፣ ሌባ ወይም ካህን ሆነው በምናባቸው ከዋሻ ዋሻ ይዞራሉ። ዕጣ ፈንታቸውን ዳይስ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጨዋታ ነው። ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ቅዱስ ውሃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው የሕግ መጽሐፍ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ 25 የወርቅ ሳንቲም ነው። ጋኔን ላይ ሲወረወር ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር የጉዳቱ መጠን ይሆናል።

ተጫዋቾች በዚህች ጠርሙስ የማያደርጉት የለም። ቫምፓየሩ በሚጠጣው ሾርባ ውስጥ ጠብ ያደርጓታል። ቀስታቸውን ይነክሩባታል። እንግዳው ሰው ይሁን ጋኔን ለመለየት ከምግብ በፊት እጁን ያስታጥቡበታል። (ይህችን ስሰማ ስቄአለሁ፤ የአገራችንን ማስታጠቢያ የሚያውቅ ሰው ያሰባት ትመስላለች።)

ጨዋታውን ላወግዝ የተነሣሁ የመሰለው ካለ ይረጋጋ። እ.ኤ.አ. በ1984 ጃክ ቺክ የተባለ አሜሪካዊ ጨዋታው ወደ ጥንቆላ ይወስዳል የሚል በሥዕል የተዘጋጀ ትራክት አሳትሞ ብዙ ወላጆችን አስደንግጧል። ፍርሃቱ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ጨዋታው ጨዋታነቱን አይደብቅም፤ ዋጋውንም ሕጉንም አሳትሞ ያሳያል፣ ሲያልቅ ዳይሱ ተሰብስቦ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔን የሚያስቆጣኝ ያው ጠርሙስ ከመድረካችን ሥር «የጸሎት ውሃ» ተብሎ ሲሸጥ ነው።

ልብ በሉ። በጨዋታው ውስጥ ውሃው የሚወረውረውን ሰው ማንነት አይጠይቅም። ሌባው ቢወረውረው ይሠራል፤ ምንም የማያምነውም ቢወረውረው ይሠራል። ያ ሁሉ ብልሃት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ለጨዋታ ጥሩ ሕግ ነው። ወደ እምነት ሲገባ ግን ስሙ አስማት ነው። እስራኤል ታቦቱን እንደ ጦር መሣሪያ ይዞ ወጣና 30 ሺህ እግረኛ ወደቀበት። የአስቄዋ ልጆች በማያውቁት ኢየሱስ ስም ጋኔን ሊያወጡ ሞክረው ቆስለው ራቁታቸውን ሸሹ። ሕዝቅያስም ሙሴ ራሱ የሠራውን የናስ እባብ፣ ሕዝቡ ሲያጥንለት ቢያገኝ፣ ሰባበረው።

«ኤልሳዕስ ንዕማንን ወደ ዮርዳኖስ ልኮት የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ልኮታል። ዮርዳኖስን ግን በጠርሙስ አልሞላም፤ የቀረበለትንም ስጦታ አልተቀበለም። ተከትሎ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ የተቀበለው ግያዝ ነው፤ ለምጹንም አብሮ ወሰደ። ዛሬ መድረክ ላይ የኤልሳዕን ስም የሚጠሩት ስንቶቹ የግያዝን ሥራ ይሠራሉ?

የቡና ገንዘብ እጅ በሚገባበት ወራት በሰቶ ሰመሮ አጥሮች ላይ የሚለጠፈውን ፖስተር እናንተም ታዩታላችሁ። ከአጋሮና ከሊሙ በኩል ቀይ ቡና ለቅማ የሸጠች እናት የታመመ ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ጠርሙሱን ትገዛለች። ልጇ ካልዳነ ጥፋቱ የእምነቷ ማነስ ነው ይባላል። በጨዋታው እንኳ ዳይሱ እምቢ ሲል ተጫዋቹን ማንም አይወቅሰውም! እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 በጋና፣ አክራ፣ የናይጄሪያዊው ሰባኪ ቲ.ቢ. ጆሹዋ ቤተ ክርስቲያን ቅርንጫፍ «የተቀባ ውሃ» ለማግኘት የተሰበሰበው ሕዝብ ሲጋፋ 4 ሰዎች ሞተዋል።

ደግሞ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጠበል ሲሄዱ የምታሾፉ አላችሁ። በጠበል ላይ ያለን ልዩነት ልዩነት ነው፤ አልሸፍነውም። ሆኖም በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ምእመናን ጠበሉን ሲጠቀሙ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ጠርሙስ ከሚሸጡት አገልጋዮቻችን ይህን በማይክራፎን ሲናገር የሰማችሁት ማን ነው? ሙስሊም ጎረቤታችንም ከመካ ዘምዘም ሲመጣለት ለቤተ ዘመድ በየጉንጩ ያካፍላል እንጂ ደረሰኝ አይቆርጥም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ኮንፈረንስ በር ላይ ቆማችሁ ጠይቁ። ዋጋው ስንት ነው? ገንዘቡን የሚቆጥረው ማን ነው? መድኃኒት የጀመረ ሰው እንዳያቋርጥ ይነገረዋል ወይ? መልሱ «ተጠራጣሪ ናችሁ» ከሆነ እናታችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ቤታችሁ የታመመ ካለ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ያዕቆብ በመልእክቱ እንዳዘዘውም የቤተ ክርስቲያናችሁን ሽማግሌዎች ጥሩ። ዘይቱ ከወጥ ቤታችሁ ይበቃል፤ የባጃጁንም ሒሳብ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይከፍላሉ።