ከክኒናችሁ ጋር የምትውጡትን ቁንዶ በርበሬ ተጠንቀቁ

የጂንካና የአካባቢዋ እኩዮቼ፣ ዛሬ የምናገረውን እንደ ጨዋታ አትስሙብኝ። ለቅሶ ቤትም ሆነ ዕድር ላይ ስንገናኝ ከጉልበትና ከወገብ ወሬ ቀጥሎ የሚነሳው ልጆቻችን ከውጭ የሚልኩልን ጠርሙስ ሆኗል። «ለመገጣጠሚያ ነው፣ ለስኳርም ይሆናል፤ ደግሞ ከእርድና ከቁንዶ በርበሬ የተሠራ እንጂ መድኃኒት አይደለም» እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጎረቤት ለጎረቤት አምስት አምስት ፍሬ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል። ይህ ነገር ሰው ሳንቀብርበት መቆም አለበት።

እስቲ ጠርሙሱን አንሱና በመነጽር አንብቡት። ከፊት ለፊት በትልቁ እርድ ይላል። ዞር ስታደርጉት በደቃቅ ፊደል የቁንዶ በርበሬ ንጥር 5 ሚሊ ግራም፣ አንዳንዱ ላይ 10 ወይም 20 የሚል ታገኛላችሁ። ንጥሩ ፓይፐሪን ይባላል፤ ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥለው እሱ ነው። መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1819 ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስትድ ነው። ፊዚክስ ያስተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በዓመቱ ኤሌክትሪክ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ ያሳየው ያው ሰውዬ ነው።

ፋይዳ የለውም አልልም። እንዲያውም የሚያስፈራኝ መሥራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሕንድ ተመራማሪዎች 2 ግራም የእርድ ንጥር ብቻውን ለሰዎች ሲሰጡ ደም ውስጥ የተገኘው ከምንም አይቆጠርም ነበር። 20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን ሲጨምሩበት መጠኑ 20 እጥፍ ያህል ከፍ አለ። ሻጮቹ ሁሉ የሚያወሩት ይህንን ቁጥር ነው። ከጀርባው ያለውን ግን አያወሩም። አንጀታችንና ጉበታችን የገባውን ነገር እየፈተሹ የሚሰባብሩና የሚመልሱ ዘበኞች አሏቸው። ፓይፐሪን እነዚህን ዘበኞች ያስተኛቸዋል። ሲተኙ ደግሞ እርዱ ብቻ አይደለም የሚያልፈው፤ ጠዋት የዋጣችሁት ክኒንም ሐኪሙ ካሰበው በላይ ደም ውስጥ ይገባል፣ ይቆያልም። በኛ ዕድሜ ጉበትና ኩላሊት ቀድሞውንም ዘገምተኛ ናቸው።

ይህ የወሬ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን ለ7 ቀን የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ የልብና የግፊት መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎልና የአስም መድኃኒቱ ቲዮፊሊን መጠን ጨምሮ ተገኝቷል። ሕንዶች ደግሞ ነገሩን አውቀው ተጠቀሙበት፦ 10 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን ስለጨመሩበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲን ከ450 ወደ 200 ሚሊ ግራም ያወረደ ክኒን እ.ኤ.አ. በ2009 ፈቅደዋል። የመድኃኒትን መጠን ከግማሽ በታች ማውረድ ያስቻለን ነገር እንዴት ቅመም ብቻ ነው እንላለን?

«ከልጅነታችን ጀምሮ ስንበላው ኖረን የለ!» የሚለኝ አይጠፋም። በእርግጥ እኛ ለቅመም እንግዳ አይደለንም። የአሪ ኮረሪማ በገመድ ተሰክቶ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ እያየን ነው ያረጀነው። ኮረሪማ ግን ሌላ ነው፤ ቁንዶ በርበሬው የነቴፒና የነበበቃ ነው፣ ወደኛ ጓዳ የሚገባው በቁንጥር ተገዝቶ ነው። ያቺ ቁንጥር ለአንድ ድስት ትገባለች፣ ድስቱም ለቤተሰቡ ሁሉ ይከፋፈላል። ካፕሱሉ ግን ለአንድ ሰው፣ በየቀኑ፣ ያውም ከክኒኑ ጋር በአንድ ጉንጭ ውኃ ነው። ወጡም ቢሆን ቢበዛ ነፃ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኒቶይንን ቁንዶ በርበሬ ከበዛበት ሾርባ ጋር የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ መድኃኒቱ ከፍ ብሎ ታይቷል። ፌኒቶይን ትንሽ ሲበዛ ሰውን ያንገዳግዳል፣ ያደነዝዛል። ሽማግሌ ሲንገዳገድ ደግሞ ዳሌውን ይሰብራል፤ መድኃኒት በዛበት ብሎ የሚጠረጥርም የለም፣ አርጅቶ ነው ይባላል።

የጉበቱ ነገር ይብሳል። በአሜሪካ የእርድ ካፕሱል ጉበታቸውን የጎዳባቸው 10 ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ተመዝግበው ታትመዋል፤ 5ቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ 1ዱ ሞቷል። ከመካከላቸው ካፕሱላቸው ቁንዶ በርበሬም ያለበት ሰዎች ነበሩ። ኒውዚላንድም ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው እርድ ጀምሮ ደሙ ከመጠን በላይ መቅጠኑን እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቃለች። አሜሪካ ተሸጠ ማለት መንግሥት መርምሮ ፈቀደው ማለት አይደለም፤ የ1994ቱ ሕጋቸው እንዲህ ያለውን ነገር ሳያስፈቅዱ ገበያ ላይ ማዋል ይፈቅዳል። በሻንጣ የመጣውን ደግሞ የኛም ባለሥልጣን አላየውም።

ስለዚህ አደራችሁን፦ የግፊት፣ የልብ፣ የሚጥል በሽታ፣ የነቀርሳ፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ያላችሁ፣ ሐኪም ሳታማክሩ ካፕሱሉን አትንኩ። የጀመራችሁም ብትሆኑ የሐኪሙን ክኒን ሳይሆን ጠርሙሱን አቁሙና ለክትትል ስትሄዱ ይዛችሁት ግቡ፤ ካርዳችሁን እንደምታሳዩ ጠርሙሱንም አሳዩ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ወይም ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። ለጎረቤት ማካፈሉም ይቅር። የልጅን ስጦታ መመለስ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ለልጆቻችሁ ግን ደውሉና ይህን ትታችሁ የደም ግፊት መለኪያ ላኩልን በሏቸው።